ሳልፈርም የፈረምኩባቸው አከራዬ

እኔ ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም። የሌላውን ሰው ገመና እዚህ እያነበብኩ «ወይ ጉድ!» ስል የኖርኩ ነኝ። አሁን ተራው የኔ ሆነ። ባለፈው ሰሞን አንዲት የጎረቤታችን ልጅ ለማስተርስ ወደ ለንደን የምትሄድበትን ቪዛ አግኝታ፣ ፊቷ በደስታ እያበራ መጣችና «እዚያ ሳለሽ የተከራየሽባቸው ሴትዮ ስልክ የለሽም? የዩኒቨርሲቲው ዶርም አልቀመስ አለኝ» አለችኝ። ስልኩማ አለኝ። ቁጥሩን በቃሌ ነው የማውቀው። ግን አፌ ተያዘ። «ፈልጌ እሰጥሻለሁ» ብዬ ሸኘኋትና በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ…

ለምን አፌ እንደተያዘ ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ። የለንደኑን ዓመታት የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ለንደን የገባሁት በ2021 ሴፕቴምበር ላይ ነው። ዶርም ጠየቅሁ፤ በሳምንት ከ200 ፓውንድ በላይ አሉኝ። በሳምንት ነው የምላችሁ፣ በወር አይደለም! ስምንት ቀን በሰው ሶፋ ላይ አደርኩ። በዘጠነኛው ቀን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አንዲት ሴት «አንቺ ልጅ፣ እትዬ ዘንድ አልጋ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችኝ። እኔም እዚህ ስማቸውን አልጠራም፣ እትዬ ብቻ ልበላቸው። ማታውኑ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሄድኩ።

ቤቱ ደቡብ ለንደን ውስጥ ነው። በረድፍ ከተሠሩት፣ ግድግዳ ከሚጋሩት ባለ አንድ ፎቅ የጡብ ቤቶች አንዱ። ከውጭ ሲያዩት የአንድ ቤተሰብ ቤት ይመስላል። ውስጡ ግን ስምንት ነፍስ አለ። ፎቁ ላይ አራት፣ ታች ሦስት፣ እትዬ ደግሞ ከኩሽናው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል። ከላይ ካሉት ሁለቱ ሽማግሌ የሚጦሩ የኛ አገር ሴቶች ናቸው፣ አንድ ክፍል ይጋራሉ። ሦስተኛው የኤርትራ ልጅ ነው፣ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ምግብ ያደርሳል። አራተኛው ሁላችንም «ጠበቃው» የምንለው ሰው ነው። ጠበቃ ሆኖ አይደለም፣ የአውቶቡስ ቅጣት ቢመጣበት እንኳ አራት ገጽ መልስ ስለሚጽፍ ነው። ታች አንድ ዝምተኛ አዛውንት አሉ። ሳሎኑ ደግሞ በኮምፔልሳቶ ለሁለት ተከፍሎ በአንዱ ወገን አንዲት የሱዳን ሴት፣ በሌላው እኔ።

ክፍሌን እንዴት ልግለጽላችሁ? አልጋው ከገባ ወዲያ በሩ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። በጎን ነበር የምገባው። መሐል ቆሜ እጄን ስዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ እነካለሁ። ሱዳኗ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት ካልጋዬ ሳልነሣ ነው። ዋጋው መብራቱንም ውኃውንም ጨምሮ በወር 480 ፓውንድ። ውል የለ፣ ደረሰኝ የለ፣ መያዣ የለ። እጅ በእጅ።

እንዲህ ስል እትዬን ክፉ አድርጌ መሣሌ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያውን ሁለት ወር ኪራይ አልከፈልኩም። ከአገር ቤት ይላክልኛል ያልኩት ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ተይዞ ቀረ። አንድ ቀን «የት ደረሰ?» ብለው አልጠየቁኝም። በኖቬምበር ኮቪድ ሲጥለኝ አጥሚት ሠርተው በር ላይ አስቀምጠው፣ በኮምፔልሳቶው እያንኳኩ «ጠጪ! ድምፅሽን አሰሚኝ!» ይሉኝ ነበር። እናቴ ለንደን ብትኖር ከዚያ የበለጠ ምን ታደርግልኝ?

ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና አለ። እትዬ ቡና በምጣድ ቆልተው፣ ጭሱን በየክፍሉ አዙረው ካላሸተቱን ቅዳሜ አይሆንም። ታዲያ ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ያለችው አላርም ጭስ በነካት ቁጥር ሙት የሚቀሰቅስ ጩኸት ትለቃለች። ፎጣ ብናወዛውዝላት አትሰማም። አንድ ቅዳሜ እትዬ ተማረሩና «ይህችን ጋኔን ዝም የሚያሰኝልኝ ማነው?» አሉ። ከቤቱ ሰው ረጅሟ እኔ ነኝ። ወንበር ላይ ወጣሁና ቢጫ ፌስታል አልብሼ በላስቲክ አሰርኳት። ሁሉም አጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ከአራት ወር ያህል አላርሟ ድምፅ አላሰማችም።

ከፌስታሏ በታች ደግሞ፣ ደረጃው ሥር፣ የብስክሌቱ ባትሪ አለ። ልጁ እኩለ ሌሊት ከሥራ ሲገባ ይሰካታል፤ ቀይ መብራቷ እየበራ ታድራለች። ፎቅ ላይ ላሉት አራት ሰዎች መውጫቸው ያ ደረጃ ብቻ ነው። ይህን ዛሬ ሳስበው ነው ሰውነቴ የሚሸበረው። ያኔ ግን እየተራመድኩባት ሽንት ቤት እሄድ ነበር።

በ2023 ማርች 5 ቀን ሌሊት በምሥራቅ ለንደን፣ ሻድዌል በሚባለው ሠፈር፣ አንድ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተቃጠለ። ውስጡ ከአሥር የሚበልጡ ወንዶች ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር፣ ብዙዎቹ የባንግላዴሽ ሰዎች። አንድ ሰው ሞተ። እሳቱ የተነሣው ከኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ነው ተባለ። ዜናውን ሁላችንም ኩሽና ቆመን በአንድ ስልክ አየነው። ማንም አልተናገረም። ሰው ሁሉ ቀስ እያለ ዐይኑን ወደ ደረጃው ሥር አዞረ። የኤርትራው ልጅ አንገቱን ደፍቶ «እኔ የት ልሰካው?» አለ። እውነቱን ነው… የት ይሰካው?

በማግስቱ ማታ ጠበቃው ክፍሌን አንኳኳ። ስልኩ ላይ አንድ ዝርዝር ከፍቷል። «ይኸውልሽ፣ ካውንስሉ ፈቃድ ያላቸውን የጋራ ኪራይ ቤቶች የሚመዘግብበት መዝገብ ነው። ማንም ሊያየው ይችላል። የኛን ቤት ፈልጊ» አለኝ። ፈለግሁ። መንገዳችን አለ፣ ከኛ በሦስት ቤት የሚርቀው ቁጥር አለ። የኛ የለም።

ካውንስል የሚሉት የየክፍለ ከተማውን ማዘጋጃ ቤት ነው። ሕጉን ያን ሌሊት ከሱ የሰማሁትን፣ በኋላም ራሴ ያጣራሁትን ላካፍላችሁ፤ ለሚሄድ ሰው ይጠቅማልና። እንግሊዝ ውስጥ ኩሽና ወይም መታጠቢያ የሚጋሩ፣ ቤተሰብ ያልሆኑ ሰዎች የሚኖሩበትን ቤት ኤችኤምኦ ይሉታል። በ2004 በወጣው የቤቶች ሕግ መሠረት ከ2006 ጀምሮ ትልልቆቹ ፈቃድ እንዲያወጡ ተደረገ። ከ2018 ኦክቶበር ወዲህ ደግሞ የፎቁ ብዛት ቀረና፣ ዝምድና የሌላቸው አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች የሚጋሩት ቤት ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል ተባለ። ይህ ዝቅተኛው ነው። ካውንስሉ ከፈለገ ለሦስት ለአራት ሰው ቤትም ፈቃድ አውጡ ማለት ይችላል። ኒውሃም የተባለው ክፍለ ከተማማ ከ2013 መጀመሪያ አንሥቶ የግል አከራዮችን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ፈቃድ አውጡ ብሏቸዋል። ስለዚህ መንገድ ስትሻገሩ ሕጉ ሊለወጥባችሁ ይችላል። በዚህ ማዶ የተፈቀደው በዚያ ማዶ ያስቀጣል።

ፈቃዱ ዝም ብሎ ማኅተም አይደለም። በዚህ ቤት ከዚህ ቁጥር በላይ ሰው አይኖርም ይላል። አላርሙ ይሠራል ወይ፣ የጋዙ ዕቃ በየዓመቱ ይታያል ወይ፣ በሮቹ እሳት ያቆያሉ ወይ፣ አከራዩስ ሰው ለማስተዳደር የሚበቃ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ደግሞ የክፍል ስፋት አለ። ለአንድ አዋቂ ሰው መኝታ ከ6.51 ካሬ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ለሁለት ሰው 10.22። ስድስት ነጥብ አምስት አንድ! ይህን ቁጥር እስክሞት አልረሳውም።

ጠበቃው ይህን ሁሉ ካስረዳኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፈቃድ በሌለው ቤት የኖረ ተከራይ እስከ 12 ወር የከፈለውን ኪራይ በትሪቡናል ማስመለስ ይችላል» አለኝ። በልቤ አባዛሁት፤ 480 በ12። አምስት ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ ፓውንድ… እኔ የትምህርት ቤት ዕዳ አለብኝ። ሱፐርማርኬት የምገባው ማታ ማታ ዋጋ ሲቀንሱ ነው። እውነቱን ልናገር? ያን ሌሊት ስለ እሳቱ ያሰብኩት ጥቂት ነው። ስለ 5,760 ነው ሳስብ ያደርኩት።

በሳምንቱ ሁለታችን በነፃ ምክር ወደሚሰጥ ቢሮ ሄድን። አንዲት መነጽራም ፈረንጅ አነጋገረችን። እሷ ግን እንደ ጠበቃው ዝም ብላ አላባዛችም። «አከራያችሁ ማን ነው?» አለች። እትዬ እንደሆኑ፣ እሳቸውም ቤቱን በሙሉ ከባለቤቱ ተከራይተው እኛን እንዳስገቡን ነገርናት። ብዕሯን አስቀመጠች። «እንግዲያው መጥፎ ዜና አለኝ። ባለፈው ማርች 1 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወስኗል። ገንዘቡን የምትጠይቁት በቀጥታ ያከራያችሁን ሰው ነው። ከሷ በላይ ያለውን ባለቤት አይደለም» አለችን። ባለቤቱን ካውንስሉ ሊቀጣው ይችላል፣ የኛ ገንዘብ ግን ከእትዬ ኪስ ነው የሚወጣው ማለት ነው። ሰውየው በዓይናችን አይተነው አናውቅም። ሦስት አራት ቤት እንዳለው ነው የሚወራው። (ይህ ነገር ዛሬ እንደዚያው አልቀረም። በ2025 የወጣው የተከራዮች መብት ሕግ ከላይ ያለውም ባለቤት እንዲጠየቅ በር ከፍቷል። ለእኛ አልደረሰም።)

ሌላም ነገረችን። በዚያን ጊዜ ማመልከቻው 100 ፓውንድ፣ ችሎቱ 200 ፓውንድ ያስከፍል ነበር። ጥፋቱ እንደ ወንጀል ስለሚቆጠር ያለ ጥርጥር ማስረዳት አለባችሁ። አሥራ ሁለቱም ወር ይሰጣችኋል ማለት አይደለም፤ ትሪቡናሉ የሁለታችሁንም ጠባይ፣ የአከራይዋንም አቅም ያያል። ደግሞም ኩሽና ከአከራይ ጋር የምትጋሩ ስለሆናችሁ በቂ ጊዜ ሰጥታ ውጡ ብትላችሁ ፍርድ ቤት መሄድ እንኳ አያስፈልጋትም። ስንወጣ ጠበቃው «ማስረጃ ነው የሚጎድለን» አለ። እኔ ዝም አልኩ።

ያን ማታ እትዬ ኩሽና ውስጥ ሊጥ ሲያሹ አገኘኋቸው። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ «እትዬ፣ ይህ ቤት ፈቃድ እንደሌለው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

እጃቸውን ከሊጡ ሳያወጡ «የምን ፈቃድ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ስለ አምስት ሰው፣ ስለ ስፋቱ፣ ስለ ካውንስሉ። በዚያን ጊዜ ካውንስሉ ሊጥል የሚችለው ቅጣት እስከ 30 ሺህ ፓውንድ እንደሆነ ስነግራቸው ሊጡን ተዉት። እጃቸውን ታጥበው ከመሳቢያ አንድ ያረጀ ደብተር አወጡ። ከፍተው ፊቴ አስቀመጡት።

«አንብቢ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉኝ።

ለባለቤቱ ኤጀንት በየወሩ 2,700። ከእኛ ከሰባታችን የሚሰበሰበው 3,360። የካውንስል ታክስ፣ ጋዝ፣ መብራት፣ ውኃ፣ ኢንተርኔት… በዚያ ክረምት የጋዙ ዋጋ ጣሪያ ነክቶ ነበር። ሁሉ ተከፍሎ የሚተርፋቸው አንዳንድ ወር 150፣ አንዳንድ ወር ምንም። ትርፋቸው ያቺ ከኩሽናው ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። ያለ ኪራይ መተኛት። ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈ፣ ሌሊት ቢሮ የሚያጸዱ ሴት ናቸው።

«እኔ ስመጣ» አሉኝ፣ «አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን ነው የኖርነው። ፈቃድ ያለው ቤት ዋጋው ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ? አንቺን ያን ቀን ማን ያስገባሽ ነበር?»

ምን ልበላቸው? መልስ የለኝም። «አላርሟን እንኳ እንፍታት እትዬ» አልኳቸው። «ለቡናው ስትጮህ ምን እናደርጋለን? ከጎረቤት ልታጣሉኝ ነው» አሉ። ባትሪውን ግን ልጁ ጓሮ እንዲሰካው ተስማሙ። ለሦስት ቀን ጓሮ ተሰካ። በአራተኛው ቀን ዝናብ ዘነበ። ተመልሶ ደረጃው ሥር ገባ።

አሁን ወደማፍርበት ደርሻለሁ። በሳምንቱ ጠበቃው ወረቀት አዘጋጅቶ መጣ። ሁለቱ ሴቶች ፈረሙ። እኔ «አልፈርምም፣ አጥሚት ያጠጡኝን ሴት አልከስም» አልኩት። በር ዘጋሁበት። እሱ ሄደ። በቤቱ ሁሉ «እሷ ሰው ናት፣ አልካደችም» ተባለ። እትዬም ሰሙ።

ያን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ሲተኛ፣ ተነሥቼ ኮሪደሩ ላይ ሦስት ፎቶ አነሣሁ። አንዱ ፌስታል የለበሰችው አላርም። ሁለተኛው ደረጃው ሥር የተሰካችው ባትሪ። ሦስተኛው የኔው ክፍል፣ ከበሩ እስከ አልጋው። ለጠበቃው ላክሁለት። «ከኔ ነው እንዳትል» ብዬ ጻፍኩለት። «አልልም» አለ። ቃሉን ጠበቀ።

ለምን አደረግሁት? ለራሴ ብዙ ጊዜ «እሳቱን ፈርቼ ነው፣ ለሰው ነፍስ ብዬ ነው» እለዋለሁ። ግማሽ እውነት አለው። እንቅልፍ አጥቼ ነበር፣ ሕልሜ ሁሉ ጭስ ሆኖ ነበር። ግን እሳቱን ብቻ የፈራ ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ ፌስታሏን ይፈታ ነበር። እኔ ራሴ ያሰርኩትን ፌስታል ፎቶ አንሥቼ ተመልሼ ተኛሁ! ስሜን ሳላቆሽሽ ነገሩ በሌላ ሰው እጅ እንዲያልቅ ፈልጌ እንደሆነስ? እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

በሜይ ወር አንድ ማለዳ ሁለት የካውንስል ሰዎች መጡ። ጨዋ ናቸው፣ አልጮሁም። ግድግዳ ላይ ቀይ ነጥብ በሚጥል መለኪያ ክፍል ክፍሉን ለኩ። የኔን ሲለኩ 4.9 መጣ። ሴትዮዋ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «እዚህ ነው የምትተኚው?» አለችኝ። አዎ አልኩ። ጽፋ አለፈች። ኮሪደሩ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ቢጫዋን ፌስታል አየች። «ይህን ያደረገው ማን ነው?» አለች።

ሁላችንም ቆመናል። ጠበቃው እኔን አላየኝም። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

እትዬ «እኔ ነኝ» አሉ፣ በዚያች በሰባራ እንግሊዝኛቸው። «ቡና… ጭስ… እኔ።»

ቁመታቸው እኮ ወንበር ላይ ቆመው እንኳ አይደርስም!

ከዚያ በኋላ የሆነው ቶሎ ቶሎ ነው። ኮምፔልሳቶው ይነሣ ተባለ። የባለቤቱ ኤጀንት፣ ያ ዓመት ሙሉ ቧንቧ ሲፈስ ስልክ የማያነሣው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ ብሎ አላርም አስቀየረ፣ በሮቹን አስለወጠ፣ ማመልከቻውን አስገባ። ፈቃዱ እትዬን ጨምሮ ለአምስት ሰው ሆነ። ከዚያ ለእትዬ የሚያከራይበትን ዋጋ ከፍ አደረገው። ባለቤቱ ይቀጣ አይቀጣ የሰማሁት ነገር የለም። የቀሩት ሰዎች 480 ይከፍሉት የነበረው 750 ሆነ።

ሦስታችን ወጣን። እኔ፣ የሱዳኗ ሴትና የኤርትራው ልጅ። አዛውንቱን እትዬ አላስወጣም ብለው አስቀሩ። እኔ ከአራት ሴቶች ጋር ፈቃድ ያለው ቤት አገኘሁ፣ በወር 900። ደረሰኝ አለ፣ ሰፊ መስኮት አለ፣ አጥሚት የለም። ሱዳኗ ወዴት እንደሄደች አላውቅም። ልጁን አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘሁትና ጠየቅሁት። እዚያው አካባቢ ዘጠኝ ሰው የሚኖርበት ቤት ገብቷል። «ባትሪህንስ?» አልኩት። ሳቀ። «ከአልጋዬ ሥር» አለኝ።

ሁለቱ ሴቶች በኋላ ፊርማቸውን አነሡ። ጠበቃው ብቻውን ቀጠለ። ችሎቱ ሳይደርስ በ2,000 ፓውንድ ተስማሙ። እትዬ ከየት አመጡት? የእቁብ ተራቸው ገና ነበር፤ ተለምነው ተራ ተሰጣቸውና ከፈሉት። በሕግ ሲታይ ሰውየው አልተሳሳተም። ፈቃድ በሌለው ቤት፣ ሊቃጠል በሚችል ቤት፣ ሁለት ዓመት ከፍሎ ኖሯል። እሱን ለመውቀስ አፍ የለኝም። ብቻ በቅዳሜ ቡና ላይ ስሙ ሲነሣ ሁሉም ይራገማል፣ እኔ ደግሞ ከንፈሬን እየመጠጥኩ አብሬ እራገም ነበር።

እኔ በ2024 ተመለስኩ። አሁን አዲስ አበባ ተከራይቼ ነው የምኖረው። እዚህም በ2016 ዓ.ም. የወጣ የኪራይ አዋጅ አለን፤ ቁጥሩ 1320 ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። አከራዬ መጀመሪያ የስድስት ወር አምጪ ሲሉኝ አዋጁን ጠቀስኩላቸው። «ለንደን ያስተማረችሽ ይህንን ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ይህንንም አስተምራኛለች።

እንግዲህ ወደ ልጅቷ ልመለስ። ባለፈው እሑድ ጠራኋትና መጀመሪያ መዝገቡን እንዴት እንደምታይ አሳየኋት። የካውንስሉን ስም፣ የመንገዱን ስም፣ ከዚያ የቤቱን ቁጥር። የእትዬን ቤት አብረን ፈለግን። አለ! እስከ 2028 ድረስ የሚያገለግል ፈቃድ፣ ለአምስት ሰው። በስልኬ መስኮት ላይ ሳየው ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እንባ መጣብኝ። «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። «የትም ብትገቢ ክፍልሽን በሜትር ለኪው። ገንዘብ በባንክ ክፈዪ፣ እጅ በእጅ ከሆነ ደግሞ ብጣሽ ወረቀትም ቢሆን አስፈርሚ። ከሁሉ በፊት ግን ኮሪደሩ ላይ ቀና ብለሽ ጣሪያውን እዪ» አልኳት። ሰውየዋ ምን ነካት ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ዝም ብላ አየችኝ።

ከሄደች በኋላ ለእትዬ ደወልኩ። ከተደዋወልን ሰባት ስምንት ወር ሆኖናል።

«አንቺ ልጅ! በሕይወት አለሽ?» አሉኝ። ድምፃቸው ትንሽ ከስቷል። ጉልበታቸውን እንዳመማቸው፣ አዛውንቱ እንዳረፉ፣ አላርሟ አሁን በቡና ብትጮህም ማንም እንደማይነካት ነገሩኝ። «ካውንስል ይመጣል ብለው ይፈራሉ» ብለው ሳቁ። ቡናውን ጓሮ ወጥተው ነው የሚቆሉት፣ በብርዱ።

ስለ ልጅቷ ነገርኳቸው። «ወረቀቱ አምስት ይላል፣ አምስት ነን» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ግን አንዷ ከወር በኋላ ትወጣለች። ለሌላ ሰው ቃል አልገባም፣ ለልጅቷ አቆይላታለሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ሲነሣብኝ አንቺ ብቻ ነሽ እጅሽን የሰበሰብሽ። ያንቺን ሰው እኔ ውጭ አላሳድርም።»

ጉሮሮዬ ተዘጋ። ልነግራቸው ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል። «እትዬ… ፎቶዎቹ…» አልኩ።

«ምን ፎቶ?»

መስመሩ ትንሽ ተንሿሿ።

«የልጅቷን ፎቶ እልክልዎታለሁ፣ ስትመጣ እንዲያውቋት» አልኳቸው።

«ላኪልኝ የኔ ልጅ» አሉኝ። ላክሁላቸው።